ስለ ሁለቱ አንበሶች፤ በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 28 ላይ የተጻፈ ሐተታ

በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን፥ ፍርድ ቤቶች በተሰበሰቡበት አደባባይ፥ በሥራቸው ላይ ሳሉ የሞቱ ፖሊሶች መታሰቢያ ቆሞ ይገኛል። ተመርቆ የተከፈተው በ1991 ዓመት በጥቅምት ወር ነው፤ ይህንንም ዓመት ከዚህ በታች የሚመጡትንም ሁሉ አንባቢው በፈረንጆች አቈጣጠር ይያዝልን። ግንቡ ዝቅ ያለና የጐበጠ ነው፤ በላዩም ከ20,000 የሚበልጥ የሰው ስም ተቀርጾበታል፥ በየዓመቱም በግንቦት ወር አዲስ ስም ይጨመርበታል። በመተላለፊያዎቹ መግቢያ ላይ ከነሐስ የተሠሩ አንበሶች ግልገሎቻቸውን ሲጠብቁ ይታያሉ። ከአንበሶቹም በአንዱ ሥር ከመጽሐፈ ምሳሌ የተወሰደ ቃል ተጽፏል፤ ይኸውም የ28ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ፥ ኃጥእ የሚያሳድደው ሳይኖር እንደሚሸሽ፥ ጻድቅ ግን እንደ አንበሳ ሳይፈራ እንደሚኖር የሚናገረው ነው።

በዚያች ከተማና በዙሪያዋ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። የይሁዳን ነገድ አንበሳ እየሰማ ያደገ ሰው በዚያ ሲያልፍ አንበሳውን አይቶ ልቡ ሳይሳብ አይቀርም። እኛም ለሞቱት ሰዎች ይህ ቃል መጻፉን አንነቅፍም። ሌሊት ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ወደ ጨለማ ቤት ገብቶ ለማያውቀው ሰው ሲል ለሞተ ሰው የአንበሳ ስም ቢሰጠው ምን ይበዛበታል? ነገር ግን ድንጋይ ጠባብ ነውና ጠራቢው አንድ ቍጥር ብቻ ጽፎ አቆመ። መጽሐፍን የሚያነብ ሰው ግን በአንድ ቍጥር ሊያቆም አይገባውም፤ ምክንያቱም በዚያው ምዕራፍ ሌላ ሁለተኛ አንበሳ አለና። እርሱም በ15ኛው ቍጥር ይገኛል። ጠቢቡ በድኃ ሕዝብ ላይ የሠለጠነውን ክፉ ገዥ ከሚያገሣ አንበሳና ከተራበ ድብ ጋር ያመሳስለዋል። ሰባ ሊቃናት በድቡ ፈንታ ተኵላ ብለውታል፤ ድብ ቢሆን ተኵላ ቢሆን ለተበላው ሰው ልዩነት የለውም።

እንግዲህ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሁለት አንበሶች አሉ። አንዱ ጻድቅ ነው፥ ሁለተኛው ዐመፀኛ ነው። ጥፍራቸው አንድ ነው፥ ድምፃቸውም አንድ ነው፤ ታዲያ በምን ይለያሉ? የዕብራይስጡ ንባብ ይረዳናል። በመጀመሪያው ቍጥር ያለው ቃል ደቦል አንበሳ ማለት ነው፤ ጻድቁም እንደ ደቦሉ «ይታመናል» እንጂ «ይሰብራል» አልተባለም። ይህ ግስ በመዝሙረ ዳዊት በእግዚአብሔር ለሚታመን ሰው የሚነገረው ግስ ነው። ስለዚህ የፊተኛው አንበሳ ምስጋናው በማንም ላይ ስለ መዝለሉ አይደለም፤ የሚሰውረው ነገር ስለሌለው ተዘልሎ ስለ መቀመጡ ነው እንጂ። በኋለኛው አንበሳ ላይ ግን መታመን የሚል ቃል የለም፥ ማግሣት ብቻ ነው። ይህንን ያልለየ ሰው ድፍረትን ሁሉ ጽድቅ ያደርገዋል።

ሁለተኛው መለያ ከዚህ ይልቅ ግልጥ ነው። ጠቢቡ በ12ኛውና በ28ኛው ቍጥር ኃጥኣን ከፍ ከፍ ባሉ ጊዜ ሰዎች እንደሚሸሸጉ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ይናገራል። በመጀመሪያው ቍጥር የሚሸሸው ኃጥእ ነበረ፤ በኋላ ግን የሚሸሸገው ሕዝቡ ነው። ስለ አንድ ከተማ ፖሊሶች እውነቱን ለማወቅ የሚወድ ሰው ይህን ይጠይቅ፤ ዘበኛው በመንገዱ ብቅ ባለ ጊዜ በሩን የሚዘጋ ማን ነው፥ ሌባው ነውን ወይስ ሻይ ሻጪቱ? ይህ ጥያቄ ከብዙ መዝገብ ይበልጣል።

አሁን ወደ 21ኛው ቍጥር እንሂድ። በዚያ ፊት አይቶ ማድላት መልካም እንዳልሆነ ከተነገረ በኋላ፥ ሰው ስለ ቍራሽ እንጀራ እንኳ ሊበድል እንደሚችል ተጽፏል። ብዙ አንባቢ ይህን ቃል ስለ ተራበ ሰው የተነገረ አድርጎ ያልፈዋል፤ እኔም ቀድሞ እንዲሁ አስብ ነበር። የሐሳቡ መነሻ ግን ማድላት ነው፤ ቍራሹም ጉቦ ነው። የጠቢቡ ነገር ጥልቅ የሚሆነው «ስለ ብዙ ወርቅ» ባለማለቱ ነው።

ለዚህ ከኒው ዮርክ ከተማ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም። በዚያ ከተማ ፍራንክ ሰርፒኮ የሚባል፥ ወላጆቹ ከኢጣልያ የመጡ ሰው፥ በ1959 ዓመት በፖሊስነት ገባ። ነጭ ለባሽ ሆኖ ሲሠራም 300 ዶላር ያለበት ፖስታ ተሰጠው፤ ቁማር የሚያጫውቱ ሰዎች ለፖሊሶች የሚከፍሉት ነበረ። ወስዶ ለአለቃ ቢያሳይ እንዲረሳው ተመከረ። ከዚያ ወዲያ በውስጥ በኩል ብዙ ቢያመለክትም የሚሰማው አጣ፤ በመጨረሻም ዴቪድ ደርክ ከሚባል ባልደረባው ጋር ነገሩን ለጋዜጣ ነገሩ፤ ወሬውም በ1970 በሚያዝያ ወር በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ታተመ። የከተማው ከንቲባ ጆን ሊንድሴይ በዊትማን ናፕ ሰብሳቢነት መርማሪ ጉባኤ አቆመ። ጉባኤው በ1972 ባወጣው ቃል ነጭ ለባሾቹ በየወሩ ከአንድ የቁማር ቤት እስከ 3,500 ዶላር ይሰበስቡ እንደ ነበር አስታወቀ፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ድርሻም ድኆች በሚኖሩበት በሐርለም ሰፈር ከመሐል ማንሐታን ይልቅ የበለጠ ነበር። በድኃ ሕዝብ ላይ የሚያገሣው አንበሳ እዚህ አለ፤ ማስረጃውም በዶላር ተቈጥሮ ቀረበ።

ጉባኤው ጉቦ የሚበሉትን ፖሊሶች በሁለት ከፍሎ ሥጋ በሎችና ሣር በሎች ብሎ ሰየማቸው። ሥጋ በላ የተባለው ወጥቶ እያደነ የሚበላ ነው፤ ሣር በላ የተባለው ግን አያድንም፥ ወደ እጁ የመጣለትን ጥቂቱን ይቀበላል፥ ዐምስት ዶላር ወይም ምሳ። ጉባኤው ከሁለቱ ይልቅ ሣር በሎቹን ለነገሩ ሥር አድርጎ መመልከቱ ያስደንቃል። ሣር በሎቹ ብዙ ናቸውና፥ ጉቦን የተከበረ ያስመስሉታል፤ እነርሱም ጥቂት ስለ በሉ ብዙ በሚበላው ላይ አፋቸውን ሊከፍቱ አይችሉም። እነሆ ቍራሽ እንጀራ! በአገራችንም እጅ መንሻ የሚለውን ስም የምናውቅ ሰዎች በዚህ ቦታ ፈረንጁን ብቻ ልንወቅስ አንችልም።

መጥምቁ ዮሐንስም ለጭፍሮቹ የመለሰው መልስ ይህንኑ ይመስላል። በሉቃስ ወንጌል በ3ኛው ምዕራፍ በመጡ ጊዜ ሰይፋችሁን ጣሉ አላላቸውም፤ በግፍ ከሰው ገንዘብ እንዳይነጥቁ፥ በሐሰት ሰውን እንዳይከሱ፥ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው አዘዛቸው። ንጥቂያው፥ የሐሰት ክሱና የደመወዝ ጕምጕምታው በአንድ ገመድ የተሳሰሩ መሆናቸውን አንባቢው ያስተውል። ደመወዝ አነሰኝ የሚል ይነጥቃል፤ የነጠቀም ንጥቂያውን ለመሸፈን በሐሰት ይመሰክራል። ዛሬ የዘበኛን ደመወዝ የሚቈርጡ ሹማምንት ግን ከዚህ ቃል ለራሳቸው ምክንያት አያግኙ፤ መጥምቁ የተናገረው ለተቀባዩ እንጂ ለከፋዩ አይደለምና።

በዚህ ላይ ከሁሉ የሚከብደው ነገር ይነሣል፤ እርሱም የባልንጀርነት ነገር ነው። ፖሊሶች ስለ መተማመናቸው ሲናገሩ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት በዮሐንስ ወንጌል በ15ኛው ምዕራፍ ጌታችን ስለ ወዳጆቹ ነፍሱን ስለሚሰጥ ሰው የተናገረውን ነው። ይህን አሳብ በንቀት ልናልፈው አይገባም። ከበሩ ወዲያ ማን እንዳለ ሳያውቅ በር የሚሰብር ሰው ከኋላው ያለውን ባልደረባውን ካላመነ እንዴት ይገባል? በዚያ ሰዓት ባልንጀርነት ጥሩር ነው። ፖሊስ ሆኖ የማያውቅ ሰባኪ ይህን ሳይመዝን ቢፈርድ ንግግሩ ቀላል ይሆናል።

ዳሩ ግን የተጠቀሰው ቃል ራሱ ይህን ትርጓሜ አይሸከምም። ጌታችን በዚያ ስፍራ ወዳጆቹ እነማን እንደ ሆኑ ወዲያው ይገልጣል፤ ትእዛዙን የሚያደርጉትን ወዳጆቼ አላቸው እንጂ ምስጢሩን የሚሸሽጉለትን አላለም። ከአብ የሰማውን ሁሉ ስላስታወቃቸው ባሪያዎች አይላቸውም። እንግዲያስ በዚያ ቃል ወዳጅነት የሚታወቀው በመግለጥ ነው፤ በመደበቅ የሚጸናው ወዳጅነት ሌላ ነው፥ ስሙንም ይኸው 28ኛው ምዕራፍ በ24ኛው ቍጥር ይነግረናል፤ አባቱንና እናቱን ዘርፎ በደል አይደለም የሚለውን ሰው የአጥፊ ባልንጀራ ይለዋል። ደግሞም በዮሐንስ የተነገረው ነፍስን ስለ መስጠት ነው፤ የሌላውን ነፍስ ለባልንጀራ አሳልፎ ስለ መስጠት የተነገረ ቃል የለም።

በሳሙኤል መጽሐፍ ቀዳማዊ በ22ኛው ምዕራፍ ሳኦል የእግዚአብሔርን ካህናት እንዲገድሉ ዘበኞቹን ባዘዘ ጊዜ ዘበኞቹ እጃቸውን ለመዘርጋት እንቢ አሉ። ሰባኪዎች ስለዚህ ያመሰግኗቸዋል፤ እኔም አመሰግናቸዋለሁ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ኤዶማዊው ዶይቅ ተነሥቶ በዕብራይስጡ ቍጥር 85 ካህናት ሲገድል፥ ዘበኞቹ እጁን እንደ ያዙት አልተጻፈም። ምናልባት እዚያው ቆመው ነበር። መጽሐፉ ዝም ብሏል፤ ዝምታውም ያስፈራል።

በ2020 ዓመት በግንቦት ወር በሚኒያፖሊስ ከተማ የሆነው እንደዚህ ነው። ዴሬክ ሾቪን የሚባል ፖሊስ ጆርጅ ፍሎይድን በምድር ላይ አስተኝቶ ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ በጕልበቱ አንገቱን ተጫነው፤ ሰውየውም ሞተ። ሌሎች ሦስት ፖሊሶች በዚያ ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ፥ በሥራው ገና አዲስ የነበረው፥ በጎኑ እናዙረውን ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀ፤ እንቢ በተባለ ጊዜም ዝም አለ። ሁለተኛው አዲስ ፖሊስ ደግሞ ሥራውን ይማር የነበረው ከዚያው ከሾቪን ነበረ። በ2022 ዓመት የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በሦስቱም ላይ ፈረደባቸው፤ ያልሠሩት ሥራ በደል ሆኖ ተቈጠረ። በኦሪት ዘሌዋውያን በ5ኛው ምዕራፍ አይቶ ያልመሰከረ ሰው ኀጢአቱን እንዲሸከም መታዘዙን ያነበበ ይህ ፍርድ እንግዳ አይሆንበትም።

እጁን የያዘች ግን ነበረች። ከዚህ በፊት በ2006 ዓመት በበፋሎ ከተማ ካሪዮል ሆርን የተባለች ፖሊስ፥ ባልደረባዋ የታሰረውን ሰው አንገት አንቋል ብላ ጣልቃ ገባች። በ2008 ዓመት ከሥራ አስወጧት፤ 19 ዓመት አገልግላ ነበርና ሙሉውን ጡረታ ለመቀበል አንድ ዓመት ያህል ሲቀራት ነው። ባልደረባዋ በሌላ ጊዜ በሠራው የጭካኔ ሥራ ኋላ ታሰረ። እርስዋ ግን ጡረታዋ በፍርድ የተመለሰላት በ2021 ዓመት ነው። ከሁለቱ ለፖሊስነት ታማኝ የነበረ ማን ነው? የእጁን ሥራ የከለከለችው ሴት ለባልደረባዋም ቢሆን ወዳጁ ነበረች፤ ያን ቀን ሰምቷት ቢሆን ኋላ በወኅኒ ባልተቀመጠም ነበር ይሆናል።

ስለ መደበቅ 13ኛው ቍጥር በደሉን የሚሸሽግ እንደማይከናወንለት ይናገራል፤ ለዚህም የሐዋርያት ሥራ አንድ ደብዳቤ አስቀምጦልናል። ትርጓሜ አስተማሪዎች ብዙ ጊዜ ፈጥነው ያልፉታል። ሉስዮስ የሚባለው የሻለቃ በኢየሩሳሌም የጸጥታ አለቃ ነበረ። ሰው አይደለም አልልም፤ ጳውሎስን ከሚደበድቡት ሕዝብ እጅ አድኖታል፥ በኋላም ከአርባ የሚበልጡ ሰዎች ሊገድሉት በተማማሉ ጊዜ 470 ወታደር አስከትሎ በሌሊት አሳልፎታል። ነገር ግን መጀመሪያ በሁለት ሰንሰለት አሰረው፥ ቀጥሎም ገርፈው እንዲመረምሩት አዘዘ፤ ሮማዊ መሆኑን የሰማው ለግርፋት ካስወጠረው በኋላ ነው። ወደ ገዥው ወደ ፊልክስ በጻፈው ደብዳቤ ግን ሮማዊ መሆኑን ዐውቆ ፈጥኖ እንዳዳነው አስመስሎ ጻፈ። ሰንሰለቱ የለም፤ ጅራፉም የለም። ሉቃስ በ22ኛው ምዕራፍ የሆነውን፥ በ23ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን ጐን ለጐን አድርጎ አንድም የወቀሳ ቃል ሳይጨምር ለእኛ ተወው።

የሚኒያፖሊስ ፖሊስም ፍሎይድ በሞተበት ሌሊት ለሕዝብ ያወጣው የመጀመሪያ ማስታወቂያ ርእሱ ከፖሊስ ጋር ሲገናኝ በሕመም ምክንያት ስለ ሞተ ሰው ይናገር ነበር። ጕልበቱ የለም። በመንገድ የቆመች ልጅ በስልኳ የቀረጸችው ሥዕል ባይወጣ ኖሮ ያ ማስታወቂያ ታሪክ ሆኖ ይቀር ነበር። ሉስዮስና የማስታወቂያው ጸሐፊ ሁለቱም ምናልባት ፈጽሞ የሐሰት ቃል አልጻፍንም ይሉ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ሲታይ ጥቂት እውነት አለበትና። የሚያስተው የተወው ነው።

እንግዲህ ስለ አለቃው። በዮሐንስ ወንጌል ጌታችንን ሊይዙ የተላኩት፥ ኋላም የያዙት የመቅደስ ጠባቂዎች በአማርኛው መጽሐፍ ሎሌዎች ይባላሉ፤ የግሪኩም ቃል በታች ሆኖ የሚያገለግል ማለት ነው። ጌታችን በጲላጦስ ፊት ሎሌዎቼ ይዋጉልኝ ነበር ባለው ነገር ላይ ያለው ቃል ይኸው ነው፤ ጳውሎስም ለወንጌል መሾሙን ሲናገር በዚሁ ቃል ተጠራ። ሰይፍ የያዘውንም ሹም ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክት በ13ኛው ምዕራፍ የጠራበት ስም፥ ጌታችን በማርቆስ ወንጌል በ10ኛው ምዕራፍ ታላቅ ሊሆን ለሚወድ ያዘዘበት ስም ነው፤ አገልጋይ። ይህን 13ኛ ምዕራፍ አለቆች ለመገዛት ትእዛዝ ብለው ሲያነቡት ብዙ ጊዜ ሰማሁ፤ የሚገዛውን ሰው ዲያቆን ብሎ እንደ ጠራው ሲያነቡት ግን እምብዛም አልሰማሁ። ሹሙም አገልጋይ የሆነው ለአንተ መልካም እንዲሆን ነው ይላል፤ «አንተ» የተባለው ባልደረባው አይደለም፥ በመንገድ የሚሄደው ሰው ነው።

በ1970 ዓመት ሮበርት ግሪንሊፍ የሚባል አሜሪካዊ አገልጋይ ስለሚሆን መሪ አንድ ጽሑፍ አሳተመ፤ ከዚያ ወዲህ ቃሉ በየቢሮው ተዘርቷል፥ በፖሊስ ትምህርት ቤትም ይነገራል። አሳቡን ከሄርማን ሄሰ ልብ ወለድ እንዳገኘው ራሱ ተናግሯል። ጽሑፉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ብዙዎች ይዘውት የሚሄዱት አለቃ የበታቾቹን እንዲያገለግል የሚለውን ብቻ ነው። በፖሊስ ዘንድ ይህ ብቻውን አደገኛ ነው። የበታቾቹን ብቻ የሚያገለግል የፖሊስ አለቃ በደላቸውንም ይሸፍንላቸዋልና፤ በማቴዎስ ወንጌል በ28ኛው ምዕራፍ የካህናት አለቆች የመቃብሩን ጠባቂዎች እንዲህ አገለገሏቸው፤ ብር ሰጡአቸው፥ ገዥው ቢሰማም እናድናችኋለን አሏቸው። በማርቆስ የታዘዘው ግን የሁሉ አገልጋይ መሆን ነው። የሚኒያፖሊስ ፖሊስ አለቃ ሜደሪያ አራዶንዶ በ2021 በሚያዝያ ወር በፍርድ ቤት ቆሞ በቀድሞው ፖሊሱ ላይ መሰከረ፤ የተደረገው ከትምህርታችንም ከሥርዓታችንም ውጭ ነው አለ። የፖሊስ አለቃ እንዲህ ሲያደርግ እምብዛም አይታይም። የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ያወጣው ግን ይኸው የእርሱ መሥሪያ ቤት እንደ ነበረ አንርሳ፤ ሁለቱንም ሳንቀንስ እንያዝ።

የቀረኝ 23ኛው ቍጥር ነው። ሰውን የሚገሥጽ፥ በምላሱ ከሚያቈላምጥ ይልቅ ሞገስ እንደሚያገኝ ይናገራል። በዕብራይስጡ ግን በመካከሉ አንዲት አስቸጋሪ ቃል አለች፤ ብዙዎች «በኋላ» ብለው ይተረጕሟታል፤ ሰባ ሊቃናት ትተዋታል። ትተዋት ሲነበብ የሚገሥጽ ሰው ሞገሱን ወዲያው የሚያገኝ ይመስላል።

ሰርፒኮ በ1971 ዓመት በየካቲት ወር በብሩክሊን ወደ አንድ ቤት በር ሲገባ ከበሩ ወዲያ ፊቱ ላይ በጥይት ተመታ። አብረውት የነበሩት ባልደረቦቹ ፖሊስ ቈስሏል ብለው አልጠሩለትም፤ የጠራለት በዚያ ሕንፃ የሚኖር አንድ ሽማግሌ ነው። ሆን ብለው ተዉት ብሎ የፈረደ ዳኛ የለም፥ እኔም አልፈርድም። የአንድ ጆሮው መስማት ጠፋ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በጉባኤው ፊት ቀርቦ መሰከረ፤ በሚመጣው ዓመት ከሥራው ወጥቶ ወደ አውሮፓ ሄደ። የፖሊሱ ከፍተኛ ሜዳይ በ1972 ዓመት ያለ ሥነ ሥርዓት፥ ያለ ምስክር ወረቀት ተሰጠው። ወረቀቱ የደረሰው በ2022 ዓመት በየካቲት ወር ነው፤ ሃምሳ ዓመት ያህል አልፎ ነበር፥ እርሱም የ85 ዓመት ሽማግሌ ነበር። ከሁለቱ ንባብ የዕብራይስጡን የመረጥሁት ስለዚህ ነው።